ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፦ ስም መዝጋቢው ስደተኛ

ከዌምብሊ፣ ለንደን

ባለፈው የብርድ ወቅት እዚህ ዌምብሊ ውስጥ አንድ አረጋዊ ወገናችን ብቻቸውን በሚኖሩባት ክፍል ዐረፉ። የቀብሩን ወጪ እድሩ ሸፈነ፤ ፍትሐቱም ተደረሰ፤ ሐዘንተኛውም ንፍሮውን ቀምሶ ወደየቤቱ ተበተነ። በሳምንቱ ዕቃቸውን ለማንሣት ስንሄድ ክፍሉ ባዶ ሆኖ፣ ግድግዳውም አዲስ ቀለም ተቀብቶ አገኘነው። ሠላሳ ዓመት ያጠራቀሙት ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የሰላማዊ ሰልፍ ወረቀትና በእጃቸው የጻፉት ደብተር በጥቁር ከረጢት ተጠቅጥቆ ከቆሻሻ ጋር ሄዷል። ከረጢቱን የሞላውን ሠራተኛ አንወቅሰውም፤ በአማርኛ የተጻፈውን ወረቀት ከምን ለይቶ ያውቀዋል? ወቀሳው ለእኛ ነው። ስንት ቅዳሜ አብረናቸው ቡና ስንጠጣ፣ ያንን ደብተር እስቲ ያምጡትና እንየው ያላቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው የቅዳሜው ስብሰባችን የተጀመረው። ስም የለውም፤ ሊቀ መንበርም የለውም (ሊቀ መንበር ቢኖረው ኖሮ እስካሁን ለሁለት ተከፍሎ ነበር)። አንድ የተከራየነው አዳራሽ፣ ጥቂት አረጋውያን፣ እዚህ ተወልደው ያደጉ ወጣቶችና የእጅ ስልኮቻቸው፤ ያለን ይኸው ነው። አረጋውያኑ ሕይወታቸውን ይናገራሉ፣ ወጣቶቹ ይቀዳሉ፣ ሌሎቻችን ደግሞ የተቀዳውን ወደ ወረቀት እንገለብጣለን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን አንድም ድምፅ ሳይቀዳ ጠብ ተነሣ። ማን ይጻፍ? ማንስ ይቅር? አንዱ የታገሉት ብቻ ይጻፉ አሉ። ሌላው ደግሞ ወንድሜን ካስገደለው ድርጅት አባል ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ስሜ አይወጣም ብለው ኮታቸውን አነሡ። ስብሰባው ሊበተን ሲል አንዲት እናት ከቦርሳቸው የደበዘዘ የፎቶ ኮፒ ጥራዝ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። መጽሐፉ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ የታተመው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «የሕይወት ታሪክ» ነበር።

ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ሰው ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መምህሮቻችን በኩል፣ ወይም የጃንሆይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንደነበሩ በመስማት ነው። እዚህ እኛ ባለንበት አገር በስደት ላይ ሳሉ መሞታቸውን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለ ሚኒስትርነታቸው ብዙ አናትትም። እኛን ያሳሰበን ሌላ ሥራቸው ነው፤ የሰውን ስም፣ የመጽሐፍን ስም፣ የቅኔን ባለቤት ስም ከመጥፋት በፊት እየያዙ በወረቀት ላይ ማኖራቸው።

ኅሩይ የተወለዱት ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ፣ ደን በተባለ ቦታ ነው። የመሳፍንት ዘር አልነበሩም፤ ያደጉት በቤተ ክህነት ትምህርት ነው። ከመርሐ ቤቴ ተነሥተው እንጦጦ ራጉኤል ደረሱ፤ ከዚያም በአጼ ምኒልክ ዘመን በጽሕፈት ሥራ ወደ ቤተ መንግሥቱ ተጠጉ። በዚያ ዘመን እጁ የሚጽፍ፣ ግዕዙን የጠነቀቀ፣ ጥቂትም የፈረንጅ ቋንቋ የቀመሰ ሰው እንደ ወርቅ ይፈለግ ነበር። የገጠር ቆሎ ተማሪ ብላታ፣ ቆይቶም ብላቴን ጌታ እስከ መባል የደረሰው በዚህ በር ገብቶ ነው። የብዕር በር እንበለው፤ የጦር ሜዳውና የዘር ሐረጉ በር ለሌሎች የተከፈተ ነበርና።

ለንደንን መጀመሪያ ያዩት በስደት አይደለም። የንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ዘውድ የተጫነው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1911 ነው፤ በዚያ በዓል ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ (በኋላ ልዑል ራስ ካሣ በተባሉት) መሪነት ከመጣው መልእክተኛ ጓድ ውስጥ ኅሩይ አንዱ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የ33 ዓመት ሰው ናቸው። እዚያው ለንደን፣ በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ፣ የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የዘረፋቸው 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት ተደርድረው ነበር። እንግሊዞቹ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ቆጥረዋቸዋል፤ ዊልያም ራይት የተባለ ሊቅ የሙዚየሙን የኢትዮጵያ መጻሕፍት ካታሎግ በ1877 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። እንግዲህ የእኛን መጽሐፍ ስም ለማወቅ የፈለገ ሰው የፈረንጅ መዝገብ መግለጥ ነበረበት ማለት ነው።

ኅሩይ አገራቸው በተመለሱ ማግስት፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ። አሳቡ ከለንደን ጉዟቸው የመጣ ይሁን አይሁን ማረጋገጫ በእጃችን የለም፤ የዓመቶቹ መቀራረብ ግን እንድንጠረጥር ያደርገናል። ዝርዝሩን በ1920 ዓ.ም. አስፍተው እንደገና አወጡት። ለተራ አንባቢ ይህ ደረቅ ሥራ ይመስላል። ግጥም የለው፣ ወሬ የለው፣ ሥዕል የለው። ነገር ግን መጽሐፍ በየገዳሙ ዕቃ ቤት ተቆልፎ በሚኖርበት አገር፣ ምን እንዳለን ለማወቅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዝርዝር ነው። ዝርዝር የሌለው ንብረት ቢሰረቅ እንኳ ባለቤቱ ምን እንደ ጠፋበት አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራቸው ሁሉ በዚህ መንፈስ የተጻፈ ነው ብንል አናጋንንም። በ1915 ዓ.ም. ልዕልት ወይዘሮ መነን ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ምስር ያደረጉትን ጉዞ ጻፉ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ አብረው ዞረው «ደስታና ክብር» የተባለውን የጉዞ መጽሐፍ አወጡ። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ የቀደሙ ሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው «መጽሐፈ ቅኔ»ን አሳተሙ። ቅኔ ቤት የዋለ አንባቢ የዚህን ትርጉም አያጣውም። ቅኔ አንድ ጊዜ በማኅሌት ተዘርፎ የሚያልፍ ነገር ነው። የሰማው ደብተራ በቃሉ ካልያዘው፣ የያዘውም ለተማሪው ካላቀበለው፣ ባለቅኔው ሲሞት ቅኔው አብሮት ይቀበራል። ኅሩይ በቃል የሚኖረውን ለቅመው በማተሚያ ቤት እርሳስ አሰፈሩት። በኋላም «ጎሐ ጽባሕ» የተባለውን የራሳቸውን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። የሚጽፉት እሳቸው፣ የሚያሳትሙት እሳቸው ሆኑ ማለት ነው።

ልብ ወለዶቻቸውን ሳናነሣ አናልፍም። «ወዳጄ ልቤ» የነፍስን ጉዞ በምሳሌ የሚተርክ ነው። «የልብ አሳብ፣ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» የጋብቻን ልማድ ይመረምራል። በ1925 ዓ.ም. የታተመው «አዲስ ዓለም» ግን ለእኛ ለስደተኞቹ የተጻፈ ይመስላል። አወቀ የተባለ ወጣት ፈረንሳይ አገር ተምሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አነጋገሩ፣ አለባበሱ፣ ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግ ያለው አሳብ ከወገኖቹ ጋር አልጣጣም ይላል። እሱ እነሱን ኋላ ቀር፣ እነሱ እሱን ፈረንጅ ይሉታል። በመጨረሻ ማንም ማንን ሳይረግጥ የሚስማሙበት መንገድ ይፈለጋል። ዌምብሊ ተወልደው አዲስ አበባ ለእረፍት ሄደው የተመለሱት ልጆቻችን ይህን ታሪክ በአዳራሹ ስንነግራቸው ሳቁ። አንዷ ልጅ ግን አልሳቀችም፤ መጽሐፉን ይዛው ሄዳ እስካሁን አልመለሰችም።

ወደ «የሕይወት ታሪክ» እንመለስ። ይህች አነስተኛ መጽሐፍ ዓላማዋን በርዕሷ ላይ ታውጃለች፤ ለኋላ ዘመን ልጆች ማስታወቂያ ትሆን ዘንድ የተጻፈች መሆኗን ትናገራለች። በውስጧ የመኳንንቱ ብቻ ሳይሆን የሊቃውንቱም ስም ይገኛል። ለአንዳንዱ ሰው የተሰጠው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ዛሬ የ19ኛውን ምእተ ዓመት የሚያጠኑ የታሪክ ሰዎች ወደዚህች መጽሐፍ ደጋግመው የሚመለሱት በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ መስመር ለማግኘት ብለው ቢጠብቁ ኖሮ ጥቂቱም መስመር አይገኝም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይኖርብናል። ኅሩይ የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ። ሥልጣን ላይ ተቀምጦ፣ ከባለ ሥልጣን ገበታ እየበላ የሚጽፍ ሰው ጌቶቹን የሚወቅስ ታሪክ አይጽፍም። በዚያው ዘመን ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ታሪክ ጸሐፊ ሊያደላ አይገባውም ብሎ አጥብቆ ሲከራከር፣ የአገሩን መንግሥትም ድካም ሲገልጥ ነበር፤ ኅሩይ ያንን መንገድ አልተከተሉም። ይህን ስንል ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆነን አይደለም። እኛም በመንግሥት ጋዜጣ ውስጥ ዓመታት በአዘጋጅነት ሠርተናል። ከዜናው ላይ ስም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘናል። ከትናንትና ወዲያ ክቡር ስንለው የነበረውን ሰው ዛሬ እንዳልተፈጠረ አድርገን ገጹን ዘግተን ወደ ማተሚያ ቤት ልከናል። የተሰረዘው ስም ባለቤት ከዓመታት በኋላ እዚሁ ለንደን አውቶቡስ ላይ አገኘን፤ ጤና ይስጥልኝ ብሎን ወረደ። ስለዚህ የኅሩይን ዝርዝር ስናነብ የጎደለውንም እየፈለግን ነው። ቢሆንም ያልጎደለው ከጎደለው ይበልጣል ብለን እንፈርዳለን፤ መዝጋቢው ባይኖር ኖሮ የሚጎድል ነገር እንዳለም አናውቅም ነበርና።

አሁን ወደ ዌምብሊ ጎራ እንበል። ኅሩይ ከአልጋ ወራሹ ጋር ለንደን በገቡበት በ1916 ዓ.ም. ክረምት፣ ማለትም በ1924 እ.ኤ.አ.፣ የዚህ ሰፈር ስም በመላው ዓለም ይጠራ ነበር። ታላቁ የብሪታንያ ግዛቶች ኤግዚቢሽን ሚያዝያ ላይ እዚሁ ተከፍቶ ነበርና። ስታዲየሙም የተሠራው ለዚሁ ጉዳይ ነው፤ መንታ ግንቦቹ ፈርሰው አዲሱ የተከፈተው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በኤግዚቢሽኑ የቅኝ ግዛቶቹ ሕዝብና ሀብት በየአዳራሹ ተደርድሮ ይታይ ነበር። ኢትዮጵያ ቅኝ ግዛት ስላልነበረች ከዚያ ድርድር ውጭ ነበረች፤ መሪዎቿ የመጡት እንደ ነጻ መንግሥት እንግዳ ሆነው ነው። ከመቅደላ ከተዘረፉት የአጼ ቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱ እንዲመለስ የተወሰነውም በዚያ ጉብኝት ሰሞን ነው። ሌላው የወርቅ ዘውድ እዚሁ ለንደን ቀረ።

የዌምብሊ ነባር ነዋሪዎች የሰፈራቸውን ታሪክ በደንብ ይዘዋል። የዌምብሊ ታሪክ ማኅበር ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የብሬንት ክፍለ ከተማ መዝገብ ቤትም ዊልዝደን ግሪን ላይብረሪ ውስጥ ለማንም ክፍት ነው። እኛም ወጣቶቻችንን ይዘን እነሱ እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ሄደናል። የጠፋ ቤት ባለቤት፣ የተዘጋ ሱቅ፣ የፈረሰ ፋብሪካ ሠራተኛ ሳይቀር በዚህ አገር ሰው መዝግቦ ያኖራል። ስለ ኢትዮጵያና ስለ ዌምብሊ ስንጠይቅ ግን ከሁሉም ሰው አፍ ቶሎ የሚወጣው አንድ ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985፣ ለረሃባችን ገንዘብ የተሰበሰበበት የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት። የተደረገልንን አንክድም። ነገር ግን ከዚያ ስታዲየም ጥላ ሥር ዓመታት የኖረ ማኅበረሰብ በሰፈሩ ታሪክ ውስጥ የሚታወቀው በአንድ ከሰዓት በኋላ ዘፈን ብቻ ከሆነ፣ ቀሪውን ያልጻፍነው እኛ ነን።

ኅሩይ በ1911 እ.ኤ.አ. ለዘውድ በዓል፣ በ1919 ወደ አሜሪካ፣ በ1924 ወደ አውሮፓ፣ በ1931 ደግሞ ወደ ጃፓን ተልከዋል። ከጃፓን መልስ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጽፈዋል። እስያዊ አገር ባህሉን ሳይጥል እንዴት እንደ ሠለጠነ ያዩበት ጉዞ ነው፤ ብዙ ተስፋም ጥለውበት ነበር። ያ ተስፋ የት እንደ ደረሰ እናውቃለን። ጣልያን አዲስ አበባን በያዘች በዓመቱ ሳይሞላ ጃፓንም ከአሸናፊው ጋር ተስማማች።

የጣልያን ጦር መስከረም 1928 ዓ.ም. ድንበር ሲሻገር ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ለመንግሥታት ማኅበር የተጻፈው አቤቱታ ሁሉ በመሥሪያ ቤታቸው በኩል ያለፈ ነው፤ ያመጣው ፋይዳ ግን አልነበረም። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ጃንሆይ ይሰደዱ ወይስ ይቆዩ በሚለው ክርክር አዲስ አበባ ተከፈለች። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትን የመሰሉ ሰዎች ንጉሥ አገሩን ትቶ አይሄድም ብለው ተሟገቱ። ሚያዝያ 24 ቀን ባቡሩ ወደ ጅቡቲ ተነሣ። ያ ክርክር እስከ ዛሬ በየስደት አዳራሹ፣ የእኛን ጨምሮ፣ ሲነሣ እንሰማዋለን፤ የሚጨርሰውም ሰው አላየንም። ኅሩይ ጌታቸውን ተከትለው ተሰደዱ።

በዚያች ሰሞን ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው፣ ከንግሥተ ሳባ ጀምሮ እስከ አድዋ ድል የሚደርሰው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው፣ በኅትመት ላይ ነበር። የዘመናት ልፋት ነው። ጠላት ከተማዋን ሲይዝ ኅትመቱ ተቋረጠ፤ የታተመውም ጠፋ። ከመጥፋት የተረፉ ጥቂት ቅጂዎች ባይኖሩ ኖሮ መጽሐፉን ስሙን ብቻ በሰማነው ነበር፤ ለአንባቢ ሰፊ ኅትመት ሆኖ የደረሰው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ትልቁ መጽሐፍ ሲጠፋ ቀድመው በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ያሳተሟቸው ትንንሾቹ ጥራዞች፣ በየሰው ቤት ተበትነው ስለነበር፣ ዳኑ።

ጃንሆይና ተከታዮቻቸው በግንቦት መጨረሻ 1928 ዓ.ም. ለንደን ገቡ፤ ቆይተውም ከዋና ከተማዋ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በባዝ ከተማ «ፌርፊልድ ሐውስ» የተባለውን ቤት ገዝተው ሰፈሩ። እዚያ የነበረው ኑሮ ከውጭ ሲያዩት የንጉሥ ቤት፣ ከውስጥ ግን የስደተኛ ቤት ነበር። ገንዘቡ አልቋል፤ ብርዱ ከባድ ነው፤ ትናንት ደጅ ይጠና የነበረው ዲፕሎማት ደብዳቤ አይመልስም። ኅሩይ በዚህ ቤት ውስጥ ሳሉ ነው አገር ቤት የቀረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ መገደሉ። እንግሊዝ አገር ተምረው ከተመለሱት ጥቂት የዘመኑ ወጣቶች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህም ቤንጃሚንና ዮሴፍ የተባሉ ሁለት ልጆቻቸውን በዚሁ ግፍ አጥተዋል። የተማረውን ትውልድ ለይቶ የጨረሰው ያ ፍጅት የሁለቱንም ሽማግሎች ቤት በስደት ላይ ሳሉ አንኳኳ። ከኅሩይ ልጆች ሲራክ ተርፎ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራስላስ» ወደ አማርኛ መልሶልናል፤ የአባቱን እጅ ወርሷል እንላለን።

እንግሊዝ ከጣልያን ጋር በሚያዝያ 1938 እ.ኤ.አ. ተፈራረመች፤ የኢትዮጵያን መያዝ ለማጽደቅም ተዘጋጀች። በመስከረም ወር የአውሮፓ ሰው ሁሉ ጆሮውን ወደ ጀርመንና ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ጉዳይ አዙሮ ሳለ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ በፌርፊልድ ሐውስ ዐረፉ። ቀኑ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ነበር፤ ዕድሜያቸው 60 ዓመት። እንግሊዝ የጣልያንን ግዛት በይፋ ያጸደቀችው ከዚያ ሁለት ወር ቆይታ ነው። ነጻነትን ለማየት ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ቀራቸው። መጀመሪያ የተቀበሩት እዚያው ባዝ ነው፤ ከድል በኋላ ዐፅማቸው አገሩ ገብቶ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል።

በዚህ ዓመት የጸደይ ወራት ከዌምብሊ አንድ ሚኒባስ ተከራይተን ወጣቶቹንና አቅም ያላቸውን አረጋውያን ይዘን ባዝ ሄድን። ቤቱ በኬልስተን ጎዳና ላይ ነው። ጃንሆይ በ1958 እ.ኤ.አ. ለከተማዋ አረጋውያን መጠለያ እንዲሆን በስጦታ ሰጥተውታል፤ ከዚያ ወዲህም የካሪቢያንና የእስያ ተወላጅ አረጋውያን ለዓመታት ሲሰበሰቡበት ኖረዋል። ታሪኩን የሚጠብቁትም አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን አይደሉም። ይህን ስናይ ደስም አለን፣ አፈርንም። ልጆቹ የጃንሆይን ፎቶግራፍ ሲያነሡ፣ ያቺ መጽሐፉን ይዛ የሄደችው ልጅ የኅሩይ ክፍል የትኛው እንደ ነበር ጠየቀች። የነገራት ሰው አልነበረም። ደብተሯን አውጥታ ጥያቄውን ጻፈችው።

የማን ስም ይጻፍ የሚለው ጠባችን አልተፈታም፤ ነገር ግን አንድ ስምምነት ላይ ደርሰናል። ለእያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ጥቂት መስመር ብቻ እንጽፋለን፦ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ አገሩን የለቀቀበት ዓመት፣ የሠራው ሥራ። የፖለቲካ ድርጅቱን እሱ ራሱ ከተናገረ እንጽፋለን፤ ሌላ ሰው ስለ እሱ የሚናገረውን አንጽፍም። በፊደል ተራ ስለሆነ ማን ከማን አጠገብ እንደሚወጣ የሚወስነው ፊደሉ ነው። ኮታቸውን አንሥተው የነበሩት አባት ይህን ሲሰሙ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና፣ የእሳቸው ስም በ«ሀ» እንደሚጀምር አስታወሱን። እስካሁን 41 ሰው ጽፈናል። እያንዳንዱን በሁለት ቅጂ በወረቀት፣ አንድ ደግሞ በኮምፒውተር እናኖራለን፤ ወረቀቶቹም በአንድ ቤት አይቀመጡም።

ባለፈው የብርድ ወቅት ያረፉት አረጋዊ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ስማቸውን እናውቃለን። የጎንደር ሰው እንደነበሩ፣ በሱዳን በኩል እንደወጡ፣ ለንደን የገቡትም በሰማንያዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን እናውቃለን። ከዚያ በታች ግማሽ ገጽ ክፍት ትተናል። ካርቱም አብሯቸው የነበረ፣ ወይም እዚህ ከእሳቸው ጋር የሠራ አንባቢ ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ክፍት ነው።